በሩ ካልተሰበረ ገዳዩ ቤተኛ ነው?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ጀበና ቡናዎች አንዱ ጋ በርጩማ ስቦ የተቀመጠ ሰው ይህን ችሎት ያውቀዋል። «በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የቤተሰብ አባላት ተገድለው ተገኙ» የሚል ዜና በስልክ ሲደርስ፣ ዜናው የለቡም ይሁን የሌላ ክፍለ ከተማ፣ የክፍለ ሀገርም ይሁን የውጭ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ዳኞቹ ተሰይመዋል።

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም አሉ።»

«ውሻ አላቸው?»

«አላቸው፤ ግን ሲጮኽ የሰማ የለም።»

«በቃ! ቤተኛ ነው።»

ከዚህ በኋላ «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያለቀለት ይመስላል። የሚቀረው «እንዴት አደረገው?» ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ነው። አንዱ በሰርቪስ ቤቱ በኩል ያስገባዋል፣ ሌላው በቆርቆሮው አጥር ያዘልለዋል፣ ሦስተኛው ሻይ ውስጥ መድኃኒት ያስጨምረዋል። ቢላውን የት እንዳጠበው፣ ልብሱን የት እንደቀየረ፣ ለምን መብራት በጠፋበት ሰዓት እንደመረጠ ሁሉ ይታወቃል። ሂሳብ ተከፍሎ ሰው ሲበተን አንድ ሙሉ ግድያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተፈጽሟል። የተፈጸመው ግን በርጩማው ላይ ነው።

ይህ ወሬ ክፋት ብቻ አይደለም። ሰው የሚፈራውን ነገር ደጋግሞ ያወራዋል። የተቆለፈ ቤት፣ የተኙ ልጆች፣ እናት፣ አባት፤ ይህ በማንም ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። «እንዴት ገባ?» ብሎ መጠየቅ «የእኔ በርስ?» ብሎ መጠየቅም ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው መልስ ሲሆን፣ መልሱም ስምና ፎቶ ሲለጠፍበት ነው።

ፎቶው ደግሞ አስቀድሞ የተመረጠ ነው። በላፍቶና በለቡ ትልልቅ ግንብ አጥሮች ውስጥ ከሆነ ሠራተኛዋ ናት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ባል ነው። ግቢው ተከራይ ካለው ተከራዩ፣ ዘበኛ ካለው ዘበኛው፣ ከገጠር መጥቶ የተጠጋ የአጎት ልጅ ካለ ደግሞ እሱ ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ የወሬው ዳኛ የሚመርጠው ማስረጃ የበዛበትን ሰው ሳይሆን ጠበቃ የሌለውን ሰው ነው። ፖሊስ «አንድ ተጠርጣሪ በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብሎ ያወጣው መግለጫ በሦስተኛው ሼር ላይ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ይጥላል። በአሥረኛው «አውሬ» ይባላል። በሃያኛው «ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል፣ ለሕዝብ ይሰጥ» የሚል ይጨመርበታል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ገመድ፣ በነፋስ ወሬ ከሚያመጣ ስልክ ነው ይባላል። ዛሬ ያ ስልክ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ችሎት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ንብረት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡ በገመድ ይታሰራል፣ ገመዱን ባለመድኃኒቱ ይይዛል፤ ልጁ እየተንገዳገደ በየደጁ ይሮጥና አንድ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ማስረጃ የለም፣ መልስ መስጠት የለም፣ ይግባኝ የለም። ሥርዓቱ በኋላ በመንግሥት ተከለከለ፤ ዛሬ ስሙ ሲነሳ እንስቃለን። ግን ገመዱን የያዘው ሰውዬ ልጁን ወደየት እንደሚስበው ማን ያውቃል? የመንደሩ ሰው ግን ልጁን ብቻ ነበር የሚያየው።

አፈርሳታ ከዚህ ይሻል ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም። እዚያም ጉልበትና ቂም ይገቡበት ነበር፤ ቢያንስ ግን ጥያቄው «ማን ምን አየ?» የሚል ነው። የበርጩማው ችሎት ከሁለቱ የቱን እንደሚመስል ለመፍረድ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እዚያ ማንም ምንም አላየም።

«እንዴት አደረገው?» የሚለው ጥያቄ እስከየት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚከዳ ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ እንግሊዝ አገር ውስጥ ዓርባ ዓመት ያልቆመ ክርክር አለ።

ነሐሴ 1 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1985፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የኤሴክስ ፖሊስ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ጄረሚ ባምበር የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ነው። «አባቴ ደውሎልኝ ነበር፤ እህቴ አብዳለች፣ ጠመንጃ ይዛለች ብሎኛል» አለ። ፖሊሶች ቶልስሀንት ዳርሲ ከምትባል መንደር አጠገብ ወዳለው የእርሻ ቤት ሄዱ፤ ጄረሚም እዚያው መጣ። ውስጥ የታጠቀ ሰው አለ በሚል ስጋት እስኪነጋ ውጭ ጠበቁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኋላውን በር ሰብረው ገቡ።

ውስጥ አምስት ሬሳ ነበር። አባት ኔቪል ወጥ ቤት ውስጥ፣ እናት ጁን መኝታ ቤት፣ የስድስት ዓመት መንታ ወንዶች ልጆች አልጋቸው ላይ። የመንታዎቹ እናት ሺላ ደግሞ ጠመንጃው ላይዋ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገቧ። ሺላና ጄረሚ ሁለቱም የማደጎ ልጆች ናቸው። ሺላ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነበረባት፤ ከሆስፒታል ከወጣችም ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗታል። በርና መስኮቱ ከውስጥ ተዘግቷል።

በሩ አልተሰበረም፣ እንግዲህ ቤተኛ ናት። ልክ እንደ ጀሞው ችሎት። የእንግሊዝ ፖሊስም በመጀመሪያው ቀን እንደዚሁ አለ፤ ሺላ ቤተሰቧን ፈጅታ ራሷን አጠፋች። ነገሩ ያለቀለት ስለመሰለ በቀናት ውስጥ ደም የነካው ምንጣፍና የአልጋ ልብስ ወጥቶ ተቃጠለ። ጠመንጃው በባዶ እጅ ተነካ። ቀሪው ልጅ በቀብር ላይ አለቀሰ፤ ጋዜጦችም የሺላን ፎቶ ይዘው ወጡ። የሞተች ሴት መልስ አትሰጥም።

ከዚያ ሁለት ነገር ተከሰተ። የቤተሰቡ ዘመዶች ከግድያው ሦስት ቀን በኋላ ቤቱን ሲፈትሹ፣ የጠመንጃ ቁም ሣጥን ውስጥ የጠመንጃውን የድምፅ ማፈኛ አገኙ፤ ደምና ቀለም ነበረበት። ወር ሲሞላ ደግሞ የጄረሚ የቀድሞ የሴት ጓደኛ ፖሊስ ጋ ሄዳ፣ ቤተሰቡን ስለመግደል ብዙ ጊዜ ሲያወራ እንደነበር ተናገረች። ቤተኛዋ ገዳይ ወዲያው ተጠቂ ሆነች፤ ተጠርጣሪው ውጭ ያደረው ወንድም ሆነ።

አሁን ጥያቄው «እንዴት?» ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ እንዴት ገብቶ፣ እንዴት ወጥቶ፣ እንዴትስ ከራሱ ቤት ደወለ? ዐቃቤ ሕግ መንገድ ሠራለት። የጄረሚ ቤት ከእርሻው አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሌሊት በእናቱ ሳይክል መጣ። በመታጠቢያ ቤት መስኮት ገባ። ገደላቸው። የሺላን ሬሳ ራሷን ያጠፋች አስመስሎ አስተካከለ። በወጥ ቤቱ መስኮት ወጣ፤ ያ መስኮት ከውጭ መታ መታ ሲያደርጉት መቀርቀሪያው ወደ ቦታው ይወድቃል፣ ከውስጥ የተዘጋ ይመስላል። ከመውጣቱ በፊት የእርሻውን ስልክ እጀታ አንስቶ ሳይዘጋ ተወው፤ አባትየው የደወለ እንዲመስል።

ይህን ሲያነቡ «አሃ!» የማይል ሰው የለም። ሁሉም ነገር ይገጥማል። ግን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ምንድን ነው? ጄረሚ ሊያደርገው *ይችል* እንደነበር ነው። ሳይክሉ፣ መስኮቱ፣ ስልኩ፣ ሦስቱም «አይቻልም» የሚለውን ያፈርሳሉ፤ «አደረገው» የሚለውን አይገነቡም። ያ መስኮት ከውጭ የሚዘጋ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያን ሌሊት እዚያ አልነበረም።

ክሱን የተሸከሙት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማፈኛው ነው። ማፈኛው ሲገጠም ጠመንጃው ይረዝማል፤ ሺላ አፈሙዙን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ምላጩን ለመሳብ እጇ አይደርስም። ከዚያም በላይ፣ በማፈኛው የተገደለች ሴት ተነስታ ማፈኛውን ፈትታ ቁም ሣጥን ውስጥ ልትመልሰው አትችልም። ሁለተኛው አባትየው ናቸው፤ ረጅም፣ ጠንካራ ገበሬ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተደብድበው ነው የተገኙት። ቀጭኗ ሺላ ግን ጥፍሯ እንኳ አልተሰበረም። 25 ጥይት ተተኩሷል፤ የጠመንጃው ካዝና የሚይዘው አሥር ነው፤ በመሃል ቢያንስ ሁለቴ ጥይት መሙላት ያስፈልጋል። ሦስተኛው የሴት ጓደኛው ቃል ነው። ዓላማም አልጠፋም፤ ወደ 436 ሺህ ፓውንድ የሚገመት ውርስ ነበር።

ጥቅምት 18 ቀን 1979 ዓ.ም. የቼልምስፎርድ ፍርድ ቤት ጁሪ 10 ለ 2 ጥፋተኛ አለው። ሁለት ሰዎች፣ ሁሉንም ምስክር ሰምተው፣ አልተዋጠላቸውም። ዛሬ ጄረሚ ባምበር የተፈረደበት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይግባኙ ውድቅ ሆነ። እርሱ ግን እስካሁን «አልገደልኩም» እንዳለ ነው፤ የሚያምኑትም አሉ።

ለምን ያምኑታል? እዚህ ላይ ነው ለእኛ የሚሆነው ነገር ያለው። ማፈኛውን ያገኙት ፖሊሶች አይደሉም፤ ዘመዶች ናቸው፤ የጄረሚ መፈረድ ለእነሱም የርስት ጉዳይ ነበር። ማፈኛው ላይ ተጣብቆ የነበረ አንድ ሽበት ጸጉር ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ መንገድ ላይ ጠፋ። ምንጣፉ ተቃጥሏል። የሺላ እጅ ጠመንጃ መተኮስ አለመተኮሱን በትክክል የሚናገር ምርመራ በወቅቱ አልተሠራም። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ነው፤ በማፈኛው ላይ የቀረበው ክርክር ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመጀመሪያው ጠዋት «ቤተኛ ናት፣ አለቀ» ያሉት ሰዎች የዓርባ ዓመት ጥርጣሬ አውርሰው ሄዱ። ጥፋተኛ ከሆነ ለሟቾቹ በቂ የሆነ እርግጠኝነት ጠፋ፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሊያወጣው የሚችለው ነገር ሁሉ ከምንጣፉ ጋር ጭስ ሆኗል።

ከዚህ የባሰም አለ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1949 ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል፣ ማንበብና መጻፍ እምብዛም የማይችል ወጣት ሹፌር ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሚስቱ እንደሞተች ተናገረ። ሬሳዋን በለንደን ከሚኖሩበት ቤት ፊት ለፊት ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደጨመረው ቃል ሰጠ። ፖሊሶች ሄዱ። የጉድጓዱን ክዳን ለማንሳት ሦስት ሰው አስፈለገ፤ ውስጡም ባዶ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም። እዚህ ላይ «እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ቃሉ ውሸት መሆኑን ተናግሯል። ኤቫንስ ቃሉን ለወጠ፤ ይህን ያደረገው ጎረቤቱ ጆን ክሪስቲ ነው አለ። የሚሰማው አላገኘም።

በኋላ የሚስቱና የሕፃን ልጁ ሬሳ በጓሮው ማጠቢያ ቤት ውስጥ ተገኘ። መርማሪዎቹ ሬሳዎቹ የት እንደተገኙ፣ እንዴት እንደታነቁ ነገሩት፤ ልብሳቸውን አሳዩት። ከዚያ በኋላ «አዎ» አለ። የሰጠው ቃል ከተገኘው ነገር ጋር ገጠመ፤ ሊገጥም የቻለው ግን አስቀድሞ ስለተነገረው ነው። በችሎቱ የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ያው ጎረቤት ክሪስቲ ነበር። ኤቫንስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1950 ልጁን በመግደል ወንጀል ተሰቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የክሪስቲ ቤት ግድግዳ ሲከፈት የሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ የኤቫንስን ሚስት ጨምሮ መግደሉን አመነ፤ እሱም ተሰቀለ። ለኤቫንስ ይቅርታ የተደረገለት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ምን አገባን የሚል ካለ፣ በእኛ ችሎቶች የተለመደውን አንድ ነገር ያስታውስ። «መርቶ አሳይቷል» የሚባለውን። ተጠርጣሪው በፖሊስ ታጅቦ ወንጀሉ ወደተፈጸመበት ቤት ይወሰዳል፤ በየት እንደገባ፣ የት እንደቆመ፣ በምን እንደመታ ያሳያል፤ ፎቶ ይነሳል ወይም በቪዲዮ ይቀረጻል። ምስሉ አንዳንዴ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ከዚያ ወደ ቻናሎች ይፈሳል። ሰው ይህን ሲያይ ክርክሩ ይዘጋል፦ «ራሱ አሳየ እኮ!»

መርቶ ማሳየት ትልቅ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ተጠርጣሪው ፖሊስ የማያውቀውን ነገር ካሳየ፣ ለምሳሌ ማንም ያላገኘውን ቢላ ከጉድጓድ ካወጣ፣ ያ ውሃ የሚቋጥር ነው። ፖሊስ አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ካሳየ ግን የኤቫንስ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ቪዲዮውን አይቶ መለየት ደግሞ አይቻልም። ለመለየት ቪዲዮው ከመቀረጹ በፊት ምን ይታወቅ እንደነበር መዝገቡ መናገር አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል፤ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። እነዚህ ለወንጀለኛ የተሰጡ ስጦታዎች አይደሉም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የግፍ ግድያ የሚያስከትለው ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። ተሳስቶ ዕድሜ ልክ መፍረድ ማለት ትክክለኛውን ገዳይ በነፃ ማሰናበትም ማለት ነው። ክሪስቲ ኤቫንስ ከተሰቀለ በኋላ መግደሉን አላቆመም ነበር።

እኛም ዘንድ ከተማው ሁሉ «እንዴት?» እያለ የከረመበት ሞት አለ። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ ይህ የቤተሰብ ግድያ አልነበረም፤ ክርክሩ ግን ቁርጥ የእርሻ ቤቱን ይመስል ነበር። አንድ ሰው፣ የተዘጋ ቦታ፣ አንድ ሽጉጥ። መርካቶ ላይ፣ ሳሪስ ላይ፣ ጀርመን አደባባይ ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው ሽጉጡን በየትኛው እጅ እንደሚይዝ በጣቱ ያሳይ ነበር። ፖሊስ ራሳቸውን አጥፍተዋል ብሎ መደምደሚያውን የተናገረው ጳጉሜን 2 ቀን ነው፤ ከ43 ቀን በኋላ። ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ በ43 ቀን መጨረሱ ነውር አይደለም። ነውሩ በእነዚያ ቀናት ለሕዝቡ ስለሂደቱ የተነገረው ጥቂት መሆኑ ነው። ባዶው ቦታ በወሬ ሞላ፤ መደምደሚያው ሲመጣ ብዙ ሰው የራሱን መደምደሚያ ካጸና ቆይቷል። ዛሬም ድረስ የሚያምነውም የማያምነውም ከማስረጃው ይልቅ ለመንግሥት ባለው ስሜት ነው የሚከራከረው። ለዚህ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ አይቻልም። መግለጫ የሚሰጥ አካል «እስካሁን ይህን አውቀናል፣ ይህን ገና አላወቅንም» ማለት ከለመደ የበርጩማው ችሎት ግማሽ ሥራውን ያጣል።

ግማሹ ግን የእኛው ነው። እንዲያውም ከወሬው በፊት የምናበላሸው ነገር አለ፤ እሱም በጎ ከሆነው ባህላችን ነው የሚመጣው።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አንድ ግቢ ጩኸት ቢሰማ ምን ይሆናል? ጎረቤት ይሮጣል። ሊሮጥም ይገባል፤ የሚተርፍ ሰው ካለ የሚያተርፈው እሱ ነው። ግን የሚተርፍ ሰው እንደሌለ ከታወቀ በኋላም መግባቱ አይቆምም። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይገባሉ፣ ወንዶች ይከተላሉ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ይጠራል። አንዷ እናት «እንዲህ ሆና አትታይ» ብላ ሟችዋን በነጠላ ትሸፍናለች። ሌላው የወደቀ ወንበር ያነሳል። አንዱ የተከፈተ መስኮት ይዘጋል፤ ሌላው ቢላውን «ልጆች እንዳያዩት» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ይወስደዋል። ፖሊስ ሲደርስ በርና መስኮቱን ሠላሳ እጅ ነክቶታል። አንዳንድ ጊዜማ ለቀስተኛ ስለሚመጣ ቤቱ ይታጠባል። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው «ግን እንዴት ገባ?» ብለው ይከራከራሉ። እንዴት እንደገባ ሊናገር የሚችለውን ነገር ራሳቸው ከበረንዳው ጠርገውታል። ኤሴክስ ውስጥ ምንጣፉን ያቃጠለው ፖሊስ ነበር። እዚህ በሐዘኔታ የምናቃጥለው እኛው ነን።

መርማሪው በዚህ ጊዜ ምን ይቀረዋል? ሰው ይቀረዋል። የሬሳ ምርመራ ውጤት አለ፤ እሱ ግን በምን እንደሞቱ እንጂ ማን እንደገደለ አይናገርም። አሻራው ተደባልቋል፣ የጫማ ዱካው ጠፍቷል። የቀረው መንገድ ግቢው ውስጥ ያደረውን ሰው ይዞ ቃል መቀበል ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ ከላይ ተነግሯል፤ ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ተከራዩ። በዚህ ዓይነት ነው የበርጩማው ጥርጣሬና የምርመራው አቅጣጫ አንድ የሚሆኑት። ሁለቱ የተገናኙት ጥርጣሬው ትክክል ስለነበር ላይሆን ይችላል፤ ሌላው መንገድ ሁሉ በእግር ስለተረገጠ ሊሆን ይችላል።

«በሩ አልተሰበረም» የሚለውን ራሱን እንመልከተው። ለቡ አካባቢ አንድ ቪላ ስንት ቁልፍ አለው? ባለቤቶቹ፣ ልጆቹ፣ ሠራተኛዋ። ከእሷ በፊት የነበረችውና ቁልፉን ሳትመልስ የወጣችው። ቤቱን ያሠራው ፎርማን። ቁልፉን ያስቀረጹበት ባለሙያ። ከዚህ በፊት ተከራይቶት የነበረ ሰው። የግቢው በር ደግሞ ቀን ሙሉ ለውሃ ቦቴው፣ ለአትክልተኛው፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይከፈታል። ውሻው ያልጮኸው የሚያውቀው ሰው ስለመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ታስሮ ስለነበር ወይም ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ የኖረ ውሻ ስለሆነ ማንም ጆሮ ሳይሰጠው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ያልተሰበረ በር አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ በሩ አልተሰበረም።

ለዚህ ነው አንዲት የ19 ዓመት ልጅ፣ ለሥራ ከመጣች ገና ስምንት ወር ያልሞላት፣ ፎቶዋ በአርባ ቻናል ከተለጠፈ በኋላ ፍርድ ቤት በነፃ ቢያሰናብታት እንኳ ወደየት እንደምትሄድ መጠየቅ የሚገባው። ወደ ሠፈሯ ትመለስ? የትኛው ቤት ይቀጥራታል? ፎቶዋን የለጠፈው ሰው «በነፃ ተሰናበተች» ብሎ አይለጥፍም፤ ዜና አይሆንለትማ። ደግሞም ጥፋተኛ ሆና ብትገኝ እንኳ፣ በሌላ ሰው የተቀነባበረ ታሪክ ምስክሮቹ ጆሮ ውስጥ ገብቶ፣ «አየሁ» የሚሉት ነገር ያዩት ይሁን ቻናል ላይ ያነበቡት ሳይለይ ሲቀር፣ የሚጠቀመው ተከላካይ ጠበቃዋ ነው። ለሟቾቹ የሚቆረቆር ሰው ይህን ቢያስብ አፉን በመጠኑ ይይዛል።

ሰው አይወያይ ማለት አይደለም። መወያየትስ ይወያይ፤ ግን የኤቫንስን ክዳን ለማንሳት እንደሞከሩት ሦስት ፖሊሶች ይሁን። ያ ጥያቄ የተጠርጣሪውን ቃል ፈትኖታል። የጀሞው ጥያቄ ግን ማንንም አይፈትንም፤ ለተመረጠ ሰው መንገድ ይጠርጋል እንጂ። አንድ ሰው «በአጥር ዘሎ ነው የገባው» ሲል፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው «አጥሩ ላይ ያለው ጠርሙስ ስባሪ አልቆረጠውም ወይ? ደም ተገኝቷል? ካልተገኘስ?» የሚለው ነው። መልስ የሚሰጥ ከሌለ፣ ቡናው ይጠጣ።

ከወሬው በላይ ግን በየዕድሩ አንድ ስብሰባ ላይ ሊነሳ የሚችል ነገር አለ፤ ወጪም የለውም። ዕድር ድንኳን የት እንደሚተከል፣ ወንበር ማን እንደሚያመጣ፣ ቀባሪ ማን እንደሚያስተባብር ደንብ አለው። የሰው እጅ ያለበት ሞት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግም ደንብ ሊኖረው ይችላል። የሚተነፍስ ሰው ካለ ይወጣል፣ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። ከዚያ 991 ይደወላል። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ የግቢው በር ላይ ይቆማሉ፤ ፖሊስ እስኪመጣ እናትም ብትሆን፣ ወንድምም ቢሆን አይገባም። ልቅሶው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይጀመራል፣ ድንኳኑ እዚያ ይተከላል። መጀመሪያ የገባው ሰው ምን እንደነካ፣ የትኛው መብራት በርቶ እንደነበር፣ የትኛው በር ክፍት እንደነበር ሳይረሳው ያኔውኑ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ መጻፍ ካልቻለ የሚጽፍለት ሰው ይፈለጋል። ነጠላው የሚለብሰው ሬሳው ከተነሳ በኋላ ነው።